ስለ ባቡሩ ብቻ የተጠየቁ አረጋውያን

ድሬዳዋ ውስጥ ዕድሜ የጠገበ ሰው ጠያቂ አያጣም። ተመራቂ ተማሪው፣ ጋዜጠኛው፣ ፊልም ሠሪው መቅረጫውን ይዞ ይመጣል። የሚፈልገው ግን በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የደረሰውን ሐዲድ፣ የከዚራን ጥላማ መንገዶች፣ ፈረንሳይኛ ይናገሩ የነበሩትን የምድር ባቡር ሠራተኞች፣ ቢበዛ የ1998ቱን የደቻቱ ጎርፍ ነው። ይህ ትዝታ የማሰባሰብ ልማድ ከሚገባው በላይ የተመሰገነ ይመስለኛል። ተራኪውን እንደ መዝገብ ቤት ከፍቶ የፈለገውን ፋይል አውጥቶ ይሄዳል። ሰውየው አልጋ ቢይዝ ማን እንዲያስታምመው፣ የት መተኛት እንደሚሻ በዚያው ጨዋታ ውስጥ ተናግሮ ሳለ፣ ያ ክፍል ከርዕስ የወጣ ተብሎ ይቆረጣል።

ከርዕስ ወጣ የተባለው እንዴት እንደሚነገር ልብ እንበል። አረጋዊን ስለ ገዛ ሞቱ በቀጥታ ብትጠይቁት ‹‹እሱ ያውቃል›› ብሎ ይዘጋዋል። ጠያቂው ልጁ ከሆነማ ‹‹ምን ያሟርትብኛል!›› ይመጣል። ስለ እናቱ ሞት ግን ማንም ሳይጎተጉተው ያወራል። አንዲት የመጋላ ሰፈር እናት እንዲህ ሲሉ እናስብ፦ ‹‹እናቴ ዓመት ከመንፈቅ ስትተኛ ገላዋን ያጠበቻት ሶማሌዋ ጎረቤታችን ናት። ወንድሜ አዲስ አበባ እንውሰዳት ቢል እምቢ አለች። ሐኪሙ ለኛ ነገረን፤ እሷን ደበቅናት። እሷ ግን አውቃዋለች።›› በእነዚህ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ገላን ማን እንደሚነካ፣ ከቤት መውጣት ይገባ እንደሆነ፣ የሕመሙ ስም ለታማሚው ይነገር እንደሆነ አለ። ‹‹ደበቅናት›› የሚለው በጸጸት ወጣ ወይስ እንደ ውለታ ተቆጠረ? አድማጭ እዚህ ላይ ጆሮውን ካላቆመ ቀሪው ሁሉ ያመልጠዋል። እኚሁ እናት ታሪኩን በሌላ ቀን ሲደግሙት ዓመቱ ሊለዋወጥ፣ ሐኪሙ ሊረሳ ይችላል። ጎረቤቷ ግን ሁልጊዜ ካለች፣ ስለ ራሳቸው የሚሹትን ነግረውናል ማለት ነው። የጎደለው ‹‹እርስዎስ፣ እማማ?›› የሚል ጥያቄ ብቻ ነው። ይህ ጥያቄ ከእናታቸው ታሪክ ቀጥሎ ሲመጣ ሟርት አይሆንም።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለው ትረካ ስም ወጥቶለት ተጠንቷል። ሮበርት በትለር የተባለው አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1963 አረጋውያን ያለፈውን ማሰላሰላቸው የጃጀ አእምሮ ምልክት ሳይሆን የዕድሜው ተገቢ ሥራ መሆኑን ተከራከረ። ካናዳዊው ሐኪም ሃርቪ ቾቺኖቭ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ሞት የተቃረባቸው 100 ሕሙማን በካናዳና በአውስትራሊያ የሕይወት ታሪካቸውን እየተናገሩ የተሳተፉበትን ጥናት አሳተመ፤ ብዙዎቹ ክብራቸው ከፍ እንዳለ ተሰምቷቸዋል። በአሠራሩ የምወደው ታሪኩ ተቀድቶ ከተጻፈ በኋላ ለባለቤቱ ተመልሶ መነበቡን ነው፤ ባለታሪኩ ያርማል፣ ይጨምራል፣ ለማን እንደሚሰጥም ራሱ ይወስናል። እኛ ዘንድ ቅጂው ከቀራጩ ጋር ይሄዳል። የቾቺኖቭ ዘዴ ድካም ግን ሟች ለሌሎች ስለሚተወው ሲያተኩር፣ በሕይወት ሳለ ከሌሎች የሚፈልገውን አሳንሶ መጠየቁ ነው።

በአገራችን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ለአንደበት ቃል የሰጠው ስፍራ ጠባብ ነው። የቃል ኑዛዜ ሞቱ እንደተቃረበ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች የሚናገረው ነው። ስለ ቀብሩ፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታና ስለ ትንንሽ ልጆቹ ሞግዚትነት ብቻ ሊናዘዝበት ይችላል፤ ተናዛዡ ሦስት ወር ከቆየ ቃሉ ይፈርሳል። ያው ሕግ በ20ኛው አንቀጹ ማንም ሰው ሕክምናን አልቀበልም ማለት እንደሚችል ይደነግጋል። አንደበቱ የተያዘ ጊዜ ግን ቀድሞ ያለውን ማን ይመስክርለት? በድሬዳዋም የሚሠራው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ልጅ ወላጁን እንዲቀልብ ያስገድዳል፤ ማን አጠገቡ ይቀመጥ የሚለውን ሊወስን አይችልም። ዕድሩና መሰሉ አፎቻ ደግሞ ከሞት በኋላ ላለው ሁሉ ሥርዓት አላቸው፤ ድንኳኑ፣ ለቅሶ መድረሱ፣ የሐዘንተኛው ምግብ ሳይቀር የታወቀ ነው። ለመቃብር ይህን ያህል የተጠነቀቀ ማኅበረሰብ ከዚያ በፊት ላሉት የአልጋ ዓመታት አንድም ጥያቄ አለማዘጋጀቱ ያሳዝነኛል፤ ያስቆጣኛልም።

ስለዚህ የመጠየቁን ሥራ ለሆስፒታል ብቻ አልተውም። ሐኪሙ ሰዓት የለውም፤ የሚመጣውም ነገሩ ከመሸ በኋላ ነው። የዕድርና የአፎቻ ሴቶች ግን በሽተኛ ይጠይቃሉ፣ ቡና ላይ ይቀመጣሉ፣ የየቤቱን ታሪክ ያውቃሉ። የሰሙትን ጽፈው፣ ለባለታሪኩ መልሰው አንብበው፣ በልጆች ፊት ቢያጸኑት ሕጉ ባይቆጥረውም ቤተሰቡ ይቆጥረዋል። በየሕመሙ ማግስት እንደገና መጠየቅም ይኖርባቸዋል፤ ሰው ታሞ ሲነሳ የሚሻው ይለወጣልና።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። የድሬ ሽማግሌ ልጅነቱን በኦሮምኛ፣ የባቡር ወርክሾፑን ነገር በአማርኛና በፈረንሳይኛ፣ የሰፈሩን በሶማልኛ ሊያወራ ይችላል። ቀራጩ ‹‹ለሥራው እንዲመች›› ሁሉንም በአማርኛ እንዲልለት ይጠይቀዋል። ትዝታ ሲደክም በኋላ የተለመደው ቋንቋ ቀድሞ ሊዳከም ይችላል። አማርኛ ብቻ የሚያውቁ ልጆች ያሏቸው አባት ውኃ የሚለምኑት በኦሮምኛ ከሆነ፣ ማስታወሻው ላይ መጀመሪያ መስፈር ያለበት ኦሮምኛ የሚችለው ጎረቤት ስምና ቤቱ የት እንደሆነ ነው።