ጎማ የሚበላ ተሳቢ

የጅቡቲ መስመር ሹፌሮች አዳማ ደርሰው ጋራዥ ሲገቡ ከሁሉም በላይ የምሰማው ስሞታ አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ ይሄ ተሳቢ ጎማ በላብኝ!» ወዲያው ጥፋቱ በጎማው ጥራት፣ በአፋር ሙቀት፣ አለዚያም በመንገዱ ይላከካል። ሙቀቱም መንገዱም እውነት ነው። ግን ያው ሙቀትና ያው መንገድ የግራውን ጎማ ጨርሶ የቀኙን ደህና ከተወው ጥፋተኛው ሌላ ነው።

ተሳቢን ክፉ የሚያደርገው ሕመሙ ለሹፌሩ የማይሰማ መሆኑ ነው። የመኪናው የፊት ጎማ ሲበላሽ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ወደ አንድ ወገን ይስባል። ከኋላ ግን አክስሉ ቢጣመም፣ ኩሽኔታው ቢላላ መሪው ላይ ምንም ወሬ አይደርስም። ድርብ ጎማ ላይማ የውስጡ ተንፍሶ የውጭው ሸክሙን ብቻውን ይዞ ብዙ ሊሄድ ይችላል። ረዳቱ በቆሙበት ሁሉ ወርዶ ጎማውን በብረት እየመታ ድምፁን የሚያዳምጠው ለዚህ ነው።

እኔም ክሪክ ከማስገባቴ በፊት ጎማውን አያለሁ፣ በመዳፌም እዳብሳለሁ። ሁለቱም ጠርዝ ካለቀ ንፋስ አንሶታል፤ መሃሉ ብቻ ካለቀ በዝቶበታል። ይሄ ቀላሉ ነው። በግራም በቀኝም የውስጥ ጠርዝ ብቻ ካለቀ አክስሉ ከጭነት ብዛት ጎብጧል ብዬ እጠረጥራለሁ። መዳፌን ከውጭ ወደ ውስጥ ስስብ ለስልሶ፣ ስመልሰው እንደ መጋዝ ከቧጠጠኝ ጎማው ወደ ጎን እየተፋቀ ነው የመጣው፤ አክስሉ ከመስመሩ ወጥቷል። ይህን ዓይን ብዙ ጊዜ ይስተዋል፣ እጅ ግን አይስትም። ጥርሱ እዚህም እዚያም ከጎደጎደ የላላ ኩሽኔታ ወይም የደከመ ባሌስትራ አለ። አንድ ቦታ ብቻ ከተላጠ ፍሬን ይዞ ጎትቶታል።

ለአክስሉ ሜትር ይበቃል። በኪንግ ፒን የሚጎተት ከሆነ ከፒኑ መሃል እስከ አክስሉ ግራ ጫፍ፣ ከዚያም ከፒኑ መሃል እስከ ቀኝ ጫፍ እለካለሁ። ልዩነቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ወደ ባሌስትራው እዞራለሁ። የመሃል ቡሎኑ ተቆርጦ አክስሉ የተንሸራተተበት ጊዜ ብዙ ነው።

ትልቁ ጭቅጭቅ ያለው ግን የጋለ ጎማ ላይ ነው። ተሳቢው ከረጅም ጉዞ እንደቆመ የጎማዎቹን መሃል፣ ኩሽኔታው ያለበትን፣ እጄን ሳላስነካ እያስጠጋሁ አነጻጽራለሁ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ወይ ፍሬኑ ነው ወይ ኩሽኔታው። በክሪክ አነሳና ፍሬኑን አስለቅቄ ጎማውን አሽከረክራለሁ። ከከበደኝ ፍሬኑን በማስተካከያው አላላዋለሁ። ያኔ በነፃ ከዞረ ፍሬኑ ነበር። አሁንም ካንገራገረ፣ ላይና ታቹን ይዤ ስነቀንቀውም ከተወዛወዘ ኩሽኔታውን እፈታለሁ። ግራሶው ውስጥ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ ካለ ወይም ብረቱ ከግለት ብዛት ወደ ሰማያዊ ከተቀየረ ነገሩ አልቋል። «ጋሼ፣ ዕቃው ይጠበቃል፣ ግራሶ ጨምረህ ግጠምልኝ» ይባላል። አልገጥምም! የተቃጠለ ኩሽኔታን አዲስ ግራሶ አያድነውም፤ ሲነክስ አክስሉን ይዞ ይጠፋል፣ ጎማው ወልቆም መንገደኛ ይገድላል።

እግረ መንገዴን፣ አዋሽ ወይም ሚሌ ላይ ጎማው ጋለ ብሎ ንፋስ መቀነስ የሚሉት ልማድ ይቅር። ጎማው ሲቀዘቅዝ ንፋሱ ከልኩ በታች ይወርዳል፣ ያነሰው ንፋስ ደግሞ በሚቀጥለው ጉዞ የባሰ ያግለዋል። ንፋስ የሚለካው ጠዋት ሳይነሱ ነው።

ባለንብረቶችን አንድ ነገር ልለምን። ያለቀውን ጎማ አውልቃችሁ አትጣሉ። ከየትኛው አክስል፣ ከየትኛው ወገን፣ ከውስጥ ይሁን ከውጭ እንደወለቀ በጠመኔ ጻፉበትና ከተሳቢው ጋር አምጡልኝ።