ከበሮ መቺዋ ከፊት ስትቆም

በኦርኬስትራ መድረክ የከበሮ መቺ ቦታው ከኋላ ነው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 10 ቀን 1992 ለንደን፣ ሮያል አልበርት አዳራሽ ውስጥ ግን ስኮትላንዳዊቷ ኤቭሊን ግሌኒ ከመሪው አጠገብ ቆመች። የአገሯ ልጅ ጄምስ ማክሚላን የጻፈው «ቬኒ፣ ቬኒ፣ ኢማኑኤል» ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ያን ዕለት ነው።

ግሌኒ መስማት የተሳናት ገና በልጅነቷ ነው። ጫማዋን አውልቃ ትጫወታለች፤ ንዝረቱን በእግሯና በመላ ሰውነቷ ትለየዋለች። (ወሬው ሁሉ ስለ ጆሮዋ ሲሆን ግን ደስ አይላትም፤ እውነቷን ነው።)

25 ደቂቃ ያህል ከማሪምባ ወደ ቫይብራፎን፣ ከኮንጋ ወደ ጎንግ ስትሮጥ ማየቱ ራሱ ግማሽ ደስታ ነው።

ሥራው መነሻው ከገና በፊት የሚዘመር ጥንታዊ የላቲን ዜማ ሲሆን መድረሻው ፋሲካ ነው፦ በስተመጨረሻ ሙዚቀኞቹ ትናንሽ ቃጭሎች ያንቃጭላሉ፣ እሷም ረጃጅሞቹን የቱቦ ደወሎች ትደውላለች።

ከእሷ በኋላ እነ ኮሊን ከሪም ተጫውተውታል፤ ለከበሮ ከተጻፉ ኮንቸርቶዎች ይህን ያህል የተደጋገመ ጥቂት ነው።