ጦርነት፣ ሰላምና የሰው ፈቃድ በኬቴ ኮልቪትስ ሥራዎች

ጦርነትን የሚያወግዝ የኪነ ጥበብ ሥራ ሁሉ ስለ ጦርነት ያሰላስላል ማለት አይደለም። ማውገዝ ጣትን ወደ ሌላው መቀሰር ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ማሰላሰል ግን ጠያቂውን ራሱን ከተጠያቂዎች መካከል ያቆመዋል። የጀርመናዊቷ ሠዓሊና ቀራፂ የኬቴ ኮልቪትስ (1867–1945) ሥራዎች እስከ ዛሬ ኃይላቸውን ያላጡት በዚህ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ታናሽ ልጇ ፔተር በፈቃዱ ለመዝመት ተነሣ። ዕድሜው ገና 18 ስለ ነበር የአባቱን ፈቃድ ማግኘት ነበረበት። አባት እምቢ አለ፤ እናት ግን ለልጇ ወግና ባሏን አስፈቀደች። ፔተር በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ቤልጅግ ውስጥ ወደቀ። ልጁ የሞተው በእርግጥ በገዛ ፈቃዱ ነውን? እናቱስ ስታስፈቅድለት ነፃ ነበረችን? የሠዓሊዋ የቀረው ዘመን ሥራ አብዛኛው ከዚህ ጥያቄ የመነጨ ነው።

በ1923 ከታተሙት «ጦርነት» ከተሰኙት ሰባት የእንጨት ቅርፅ ኅትመቶች አንዱ «ፈቃደኞቹ» ይባላል። ሞት ራሱ ከበሮ እየመታ ይመራል፤ ወጣቶቹ ተያይዘው ይከተሉታል። በገመድ የጎተታቸው የለም፤ ፈቃዳቸው ግን ከከበሮው ምት ተለይቶ አይታይም። ሠዓሊዋ ባሪያ ናቸው አላለችም፤ ነፃ ናቸው ብላም አላወደሰቻቸውም። ፍርዱን ለተመልካቹ ኅሊና ትታለታለች።

«ጦርነት ዳግም አይኑር» የሚለው የ1924 ፖስተርዋ መልሱን ይዞ ይመጣል፤ አደባባይም የሚሻው ይህንኑ ነው። የልጇ መታሰቢያ ግን ሌላ ጠባይ አለው። በ1914 ማብቂያ የታሰበው ሥራ በ1919 ተቋርጦ፣ ኋላም እንደገና ተጀምሮ በ1932 በመቃብሩ ቦታ ተተከለ። በመጀመሪያው ንድፍ የልጁ አስከሬን ነበረበት፤ በመጨረሻው የለም። የሚታዩት ተነጣጥለው የተንበረከኩ ሁለት ወላጆች ናቸው፤ አባት እጆቹን አጣምሮ ቀጥ ብሏል፣ እናት አጎንብሳለች። ሰንደቅም ጠላትም የለም። ዛሬ ሐውልቶቹ የሚገኙት ከ25 ሺህ በላይ ወታደሮች ባረፉበት በቭላድስሎ መካነ መቃብር ነው።

«ይህ ሐዘን እንጂ ትግል አይደለም» የሚል ሂስ ሊሰነዘር ይችላል። ሆኖም ይህች ሴት በ1918 ተጨማሪ በጎ ፈቃደኞች ይዝመቱ የሚለውን ጥሪ በግልጽ ደብዳቤ ተቃውማለች፤ በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙም ከፕሩሲያ የሥነ ጥበባት አካዳሚ እንድትወጣ ተገድዳለች። በ1942 «የዘር እህል አይፈጭም» የሚለውን የድንጋይ ኅትመት ሠራች። ማሳ የሚያውቅ አንባቢ ለዚህ ርእስ ማብራሪያ አያሻውም፤ የዘሩን እህል የጨረሰ ቤት ለከርሞ የሚዘራው የለውም። በሥዕሉ ላይ ልጆቹ ወጥተው ሊሄዱ ይቁነጠነጣሉ፤ እናት በክንዶቿ ሸሽጋ ይዛቸዋለች። በዚያው ዓመት፣ በአጎቱ ስም ፔተር የተባለው የልጅ ልጇም በጦር ሜዳ ሞተ።

በ1914 የፈቀደው እጅ በ1942 ከልካይ ሆኗል። ክልከላው የልጅ ልጇን አላዳነም፤ የሥራው እውነትም እዚህ ላይ ነው። ስለ ሰላም ለመጻፍ ወይም ለመሣል የሚነሣ የጥበብ ሰው ከበሮውን የመታው ማን እንደ ሆነ ይመርምር፤ ከዚያ በፊት ግን የራሱን ፈቃድ ይመርምር።