ዝም ማለት የሚያውቅ ዎፈር

ሰሞኑን ያሮጌ ስፒከሬን ዎፈር አስቀየርኩ፤ የዙሪያው ስፖንጅ በዕድሜ ብዛት ረግፎ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ «ጋሼ፣ አሁን ግድግዳ ያነቃንቃል!» አለኝ። እኔ የፈለግሁት ሌላ ነው። ደህና ዎፈር የሚታወቀው በጩኸቱ ሳይሆን ምቱ ሲያበቃ ቶሎ በማረፉ ነው። ከሳጥኑ ጋር ካልተስማማ አዲሱም ያጓራል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር «ይበላል» ብዬ ሰሌዳ ላይ እጽፍ ነበር፤ ላልቶ ሲነገር በይ፣ ጠብቆ ሲነገር ተበይ ነው። ከልዩነቶቹ አንዷ ከንፈር ተገጥሞ የሚቆይባት ቅጽበት ናት። የሚያጓራ ዎፈር ይህችኑ ቅጽበት ይሞላታል።

በየሠርግ አዳራሹ ግን «ይጨመር!» እንላለን። ደረታችን ይመታል፣ ትከሻችን ይወርዳል። ዘፋኙ ምን አለ? እንጃ! በይና ተበይ ሳይለይ ጨፍረን እንገባለን።