ዘጌን ሳያዩ ዓመት አይለወጥ!

ዘጌ! ደግሜ ልበለው፤ ዘጌ! «የዓመቱ ምርጥህ ምንድን ነው?» የሚለኝ ሰው ሲገኝ ጥያቄውን ሳያስጨርሰው የምመልሰው ይህንኑ ነው። ሥዕል ቢሉኝ ዘጌ፣ ጫካ ቢሉኝ ዘጌ፣ ቡና ቢሉኝማ ምኑ ይጠየቃል፤ ዘጌ! ከባሕር ዳር በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ የሚያስኬድ፣ ጣና ውስጥ ገባ ብሎ የተኛ በዛፍ የተሸፈነ ልሳነ ምድር ነው። ቤተሰቤን በሙሉ፣ ከትንሿ ልጄ እስከ ባለቤቴ እናት፣ ዓመቱን ሲያስደምም ከርሟል። ያላየ ካለ ያንብብ፤ ያየም ካለ ይመስክርልኝ።

በቤታችን ጳጉሜን ስትገባ የምናደርገው ነገር አለ። ከእራት በኋላ ቡና ይቀርብና ሁሉም በየተራው ዓመቱን ሙሉ ከበላው፣ ካየውና ከሄደበት አብልጦ የወደደውን ይናገራል። ከዚያ ክርክር ነው። ጩኸት አለ፣ ሳቅ አለ፣ ድምፅ መግዛትም አለ፤ ከረሜላ ይዞ ወንድሙን ሲያባብል የተያዘም አለ። ዳኛዋ እምዬ ናቸው፤ የባለቤቴ እናት። ርቆ መሄድ እንደ ልብ ባልሆነበት ዓመት እጩዎቹ ሁሉ ከጣና ዳርና ከዓባይ አፍ መሆናቸው አያስገርምም። የሚያስገርመው ፉክክሩ እንዴት እንደጠነከረ ነው!

በምግብ ልጀምር። ባለቤቴ ለዓሳ ዱለት ቆመች፤ እኔ ለሙሉ ቆሮሶ ጥብስ፣ ከላይ ሎሚ ተጨምቆበት፣ በሚጥሚጣ። ልጆቹ እሾህ ስለሚፈሩ ኮተሌት አሉ። ክርክሩ ጦፎ ሳለ ታላቁ ልጃችን ከትምህርት ቤት ያመጣውን አወጣና ሁላችንንም ዝም አሰኘን። በጣና ውስጥ፣ እኛ በደፈናው «ነጭ ዓሳ» ብለን የምናልፈው፣ አንድ ዓይነት ዓሳ አይደለም፤ ተመራማሪዎች 15 ያህል የተለያዩ ዝርያዎች ለይተውበታል፣ አብዛኞቹም ከዚህ ሐይቅ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም! ከፊሎቹ ሌላ ዓሳ አሳደው የሚበሉ አዳኞች ናቸው። ክረምቱ ሲከብድ እንደ ጉማራ ወዳሉት ገባር ወንዞች ሽቅብ ወጥተው እንቁላል የሚጥሉም አሉ። በሰሐን ላይ ስንቱ ተአምር ተጠብሶ እንደቀረበልን አስቡት! የዓመቱ ምግብ፤ የጣና ዓሳ፣ አሠራሩ እንደየፍላጎታችን። በሙሉ ድምፅ አለፈ።

የዓመቱ የእግር ጉዞም ብዙ አላከራከረም። በግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ነው። 380 ሜትር ርዝመት፣ 43 ሜትር ስፋት፤ ለእግረኛ ብቻ የተተወው መንገድ ቤተሰብ ጎን ለጎን ሆኖ እየተጫወተ የሚሄድበት! ከ60 ዓመት በላይ ያን ሁሉ መኪና የተሸከመውን አሮጌውን ድልድይ አንረሳውም፤ ውለታው ብዙ ነው። ግን ፀሐይ ወደ ሐይቁ ስታዘቀዝቅ አዲሱ ላይ ቆሞ፣ ዓባይ ከጣና ተለይቶ ረጅም ጉዞውን ሲጀምር መመልከት! እምዬ ጉልበታቸውን እያመማቸው እንኳ «ትንሽ እንሂድ» እያሉ ዳር እስከ ዳር የተሻገሩበት ምሽት አለ። በመኪና ነበር የሚሸኙት፤ አሁን መኪና ያቀረበላቸው ሰው ይቆጣሉ።

ታንኳም ቀርቦ ነበር፤ መካከለኛው ልጄ ከልቡ ተሟገተለት። የነገደ ወይጦ ሰዎች ደንገሉን አጭደው፣ አድርቀው፣ እያሰሩ የሚሠሩት ያ ቀላል ጀልባ ሚስማር የለው፣ ሞተር የለው፤ ግን እንጨት ተጭኖ፣ ሰው ተሳፍሮ ማዕበሉን ይሰነጥቃል። ውኃ ሲጠጣና ሲከብድ ይተውና ሌላ ይታሰራል። ልጁ «ቆሻሻ የማይተው ጀልባ!» ብሎ ሲደመድም ቤቱ አጨበጨበ። ሁለተኛ ወጣ። ምክንያቱም አንደኛው አስቀድሞ የታወቀ ነበር።

አሁን ወደ ዘጌ እንመለስ!

በመጀመሪያ ጫካው። ከጀልባ ወርዳችሁ ዳገቱን ስትጀምሩ አየሩ ይለወጣል። ከላይ ትልልቅ ዛፎች፣ ከሥር ቡና፤ መንገዱ በጥላ ውስጥ ነው። ጦጣዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ትልቅ ምንቃር ያለው ጥቁርና ነጭ ወፍ ክንፉን ሲያማታ ድምፁ ከራስ በላይ ይሰማል። የጣና ዙሪያ አብዛኛው መሬት በታረሰበትና ዛፉ በተመናመነበት ዘመን ይህ ጫካ እንዴት ተረፈ? መልሱ ራሱ ልብ ወለድ ይመስላል! ትውፊቱ እንዲህ ይላል፤ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገደማ በቦታው የጸለዩት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰባብረው ተከሉ፣ ከእሱም ቡና፣ ጌሾና ሎሚ በቀሉ፤ ሕዝቡም ሳያርስ በእነዚህ እንዲኖር ቃል ኪዳን ተሰጠው። እስከ ዛሬም በዘጌ በሬ ተጠምዶ አይታረስም፣ ከብት አይረባም። አንድ የገዳም ሕግ አንድ ሙሉ ጫካ አቆየ! በሰኔ 2007 ዩኔስኮ የጣናን አካባቢ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ብሎ ሲመዘግብ የዘጌ ሰው ሥራውን ከጀመረ ዘመናት ተቆጥረው ነበር።

ቀጥሎ ሥዕሉ። ኧረ ሥዕሉ! የዘጌዋ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ከውጭ ሲያዩአት ክብ፣ ጭምት ቤተ ክርስቲያን ናት። ጫማ አውልቃችሁ ቅኔ ማሕሌቱን አልፋችሁ መቅደሱ ፊት ስትቆሙ ግን ግድግዳው እላያችሁ ላይ በቀለም ይፈስሳል። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፤ ባዶ የቀረ ቦታ የለም! አብዛኛው ሥዕል በጨርቅ ላይ ተሥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው። በሮቹን የመላእክት አለቆች ሰይፍ መዝዘው ይጠብቃሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ይወጋል፤ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመዋል፤ ወፊቱም እንባቸውን ትጠጣለች።

በላዔ ሰብእም አለ! እምዬ ልጆቹን ሰብስበው ታሪኩን እዚያው ሥዕሉ ሥር ነገሯቸው። 78 ነፍስ የበላው ሰው፣ አንድ ቀን በእመቤታችን ስም ለለመነው ድሃ ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ በሚዛኑ ዕለት ኃጢአቱ ሁሉ በአንድ ወገን፣ ያቺ ጥርኝ ውኃ በሌላው ሆና ተመዘነች፤ በእመቤታችን አማላጅነትም ውኃዋ ሚዛኑን ደፋች። በመጽሐፍ ቢያነቡት፣ በቴሌቪዥን ቢያዩት ይህን ያህል አይዙትም ነበር። የአያት ቃልና የግድግዳ ሥዕል ሲገናኙ ግን ሕፃን አፉን ከፍቶ ይቀራል። የካቲት 16፣ ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥ፣ ልጆቹ ለጎረቤት ልጆች ታሪኩን ሲያወሩ ሰማኋቸው፤ ሚዛኑን እንኳ በእጃቸው እያሳዩ!

አንድ ምሥጢር ልንገራችሁ። በቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ይህን ካወቃችሁ በኋላ ግድግዳው ሁሉ አደን ይሆናል። «እዚህ አንድ ክፉ! እዚያ ሌላ!» እያሉ ልጆቼ አስጎብኚውን ቀደሙት። ትንሿ ደግሞ ጥበቡን ይዛ ቤት ገባች። ከእሷ ጋር የተጣላ ሁሉ በአንድ ዓይን ይሣላል። እኔም አምሽቼ በገባሁ ማግስት በጎን ተሥዬ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፌ ተገኝቻለሁ። ከሰዓት ከረሜላ ይዤ መጣሁ፤ ሁለተኛው ዓይን ተመለሰልኝ።

በመጨረሻ ቡናው። ከዘጌ ጀንፈል ገዝተን መጣን። እምዬ ራሳቸው አስወቀጡ፣ አንፍሰው ለቅመው ቆሉ፤ ሽታው ግቢውን ሞላው፣ ጎረቤት ሳይጠራ መጣ። አቦሉ ወፍራም፣ ቶናው ለስላሳ፣ በረካው እንኳ ጣዕሙን አልጣለም! በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ጎረቤቱ ጌሾና ሎሚ ሆኖ ያደገ ቡና ነውና እንዲህ ቢሆን አይገርምም። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ቅዳሜ ማለት የዘጌ ቡና ማለት ሆነ። በዚያ ሰዓት ስልክ ይቀመጣል፤ ያነሳ ሰው ሲኒ ያጥባል፤ እምዬ የፈረዱት ፍርድ ነው። ዓመቱን ሙሉ ስንት ነገር ሞክረን በአንድ ረከቦት ዙሪያ ያልሰበሰበንን ቤተሰብ ጥቂት ጣሳ ጀንፈል ሰበሰበው!

«የጣና ደሴቶችስ?» የሚል አይጠፋም። ክብራን ገብርኤልን እወዳለሁ፤ ግን ሴቶች አይገቡበትም፣ ስለዚህ የእኔ ቤተሰብ ግማሹ ውጭ ይቀራል። ዳጋ እስጢፋኖስም የነገሥታት ዐፅም ያረፈበት ታላቅ ቦታ ነው፤ ሕጉ ግን እንደ ክብራን ነው። ናርጋ ሥላሴ የእቴጌ ምንትዋብ ሥራ ናት፤ ክብሯ ትልቅ፣ መንገዱ ግን ከልጆች ጋር ረጅም ነው። ኡራ ላይ አያትም፣ እናትም፣ ሕፃንም እኩል ይገባሉ። ለቤተሰብ የተሠራ ቦታ ቢኖር ይኸው!

እንግዲህ የምትሄዱ ከሆነ ስሙኝ። በጠዋት ተነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ጣና ያንገላታል። ነጠላ ያዙ፤ ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን ልብስ ልበሱ። መቅደሱ ፊት አትቸኩሉ፤ አንድ ግድግዳ በደንብ ማየት አራቱን ሮጦ ከማየት ይበልጣል። ኡራን ካያችሁ በኋላ ጉልበት ከተረፋችሁ አዝዋ ማርያምን አትለፏት፤ ቅርብ ናት፤ ሥዕሏም ያስደንቃል። ቡናውን ከዘጌ ሰዎች እጅ ግዙ፤ ጫካው የሚቆየው ቡናው እስከጠቀማቸው ድረስ ነው። ፕላስቲካችሁን ይዛችሁ ተመለሱ። አያት ያላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ አያታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ እነሱ ሥዕሉ ግማሹን አይናገርም።

እምዬ ፍርዳቸውን ሰጥተዋል፤ የዓመቱ ምርጥ ዘጌ ነው፣ ይግባኝ የለውም። እናንተም የመጪውን ዓመት ምርጥ ከሩቅ ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ለዘጌ ስጡት። መልካም አዲስ ዓመት!