«እንቅልፍ ማስያዣ» ያላችሁት ፊልም ይህ ነው እንዴ?

ወገን፣ እናንተ «ቀርፋፋ ነው፣ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ምንም አይፈጠርበትም» ብላችሁ ወዲያ የጣላችሁት ፊልም እኛ ዋግ፣ ጋዝጊብላ ላይ ልብ ሰቅሎ አመሸ! የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ማለቴ ነው። ገና ስሙን ስጠራው ፊታችሁን እንደምታጨማድዱ አውቃለሁ። አዲስ አበባ ያሉ ጓደኞቼ፣ ፊልም አዋቂ ነን የሚሉት ሳይቀሩ፣ «የኃይሌን ጤዛ አይተሃል አይደል? በቃ፣ ያኛውን ተወው» ነው የሚሉኝ። አንዱማ «ሰውየው ሲያርስ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ስነቃም ያርሳል» ብሎ አስቆኛል። ቀልዱ ጥሩ ነው። ፍርዱ ግን አይረባም!

እስኪ መጀመሪያ ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ ስሙ፤ እሱ ብቻውን አፍ ያስከፍታል። ኃይሌ የጎንደር ልጅ ነው፤ አባቱ አባ ገሪማ ታፈረ ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። በ1960ዎቹ ሎስ አንጀለስ ዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ፊልም ይማር ነበር። አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት፣ ዘውዱ ሲንገዳገድ፣ ደርግም ገና እግሩን ሳይተክል፣ በ16 ሚሊ ሜትር ካሜራ አገር ቤት ገብቶ ይህን ሁሉ በሁለት ሳምንት ቀረጸው። በሁለት ሳምንት! ዛሬ ለአንድ የሠርግ ቪዲዮ ከዚያ በላይ ይፈጃል። ፊት ለፊት የምናያቸው ሰዎችም የመድረክ ተዋንያን አይደሉም። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ፊልሙ ገና ለተመልካች አልቀረበም ነበር። ስለዚህ ያ ሁሉ የመሬት ጩኸት ከአዋጁ በኋላ የተለጠፈ መፈክር አይደለም፤ ቀድሞ የተሰማ ድምፅ ነው።

ታሪኩን ለማታውቁት በአጭሩ ልንገራችሁ። አንድ የገበሬ ቤተሰብ ለአንድ ባለመሬት ያርሳል፣ ያግዳል፣ ያጭዳል። ባለመሬቱ ቤቱ ደጅ ተቀምጦ ይጮኻል። ከበበ የሚባል ሰው አለ፤ ሰፈርተኛው እብድ ይለዋል፤ እሱ ግን ሌላው በሆዱ የያዘውን በአደባባይ ይናገራል። አለቀ። ታዲያ ይህን በሁለት ሰዓት ተኩል ምን ያደርጉታል? አትሉም? እኔም የምጽፈው ለዚሁ ነው!

የጋዝጊብላዋ አስከተማ ላይ ላፕቶፕ ከፍተን ያየነው ከገብስ አጨዳ በኋላ፣ ሰው ትንሽ ፋታ ባገኘበት ሰሞን ነው። ወጣቶቹ «የድሮ ፊልም ነው» ሲባሉ ወዲያው ስልካቸውን አወጡ። ጎረቤታችን ሽማግሌው ግን ጋቢያቸውን ሰብስበው ከፊት ተቀመጡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ያረሱ ሰው ናቸው። የእርሻው ትዕይንት ሲመጣ (ያ ጓደኛዬን ያስተኛው!) አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ ሰገግ አደረጉና «ይህስ እውነተኛ አራሽ ነው» አሉ። ምኑን አይተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «እርፍ አያያዙን አታይም ልጄ? በክንዱ አይደለም፣ በወገቡ ነው የሚጫነው። ማስመሰል የያዘ ሰው በክንዱ ይገፋል።» ከዚያ በኋላ ዝም ማለት የለም! ትልሙ ሲጣመም «ቀና አርገው!» ይላሉ፤ በሬዎቹ ሲዞሩ «በል በል፣ እሰይ» ይላሉ፤ ከአጠገባቸው ለተቀመጡት እኩያቸው ደግሞ የሆነ ነገር በኽምጣና ሹክ ይላሉ፣ ሁለቱም ይስቃሉ። አንድም ነገር ያልተፈጠረበት የተባለው ትዕይንት ለእኛ ሽማግሌ እንደ እግር ኳስ ጨዋታ ነበር። ወጣቶቹም ስልካቸውን ከፊልሙ ይልቅ ለእሳቸው ሲሉ አስቀመጡት፤ ግድ የለም፣ አስቀምጠውታል!

«ቀርፋፋ» የሚለው ክስ እዚያች ክፍል ውስጥ ነው የፈረሰው። ካሜራው ራቅ ብሎ ቆሞ አንድ ትልም ከዳር እስከ ዳር እስኪያልቅ የሚጠብቀው መቁረጥ አቅቶት አይደለም። ገበሬው ያን ትልም ቆርጦ መሄድ አይችልማ! እኛ ደክሞን ወንበር ላይ የምንቁነጠነጠው ሰውየው በጠራራ ፀሐይ ከበሬዎቹ ኋላ ሲራመድ ነው። ኃይሌ የገበሬውን ድካም አይነግረንም፤ ከትከሻችን ላይ ይጭነዋል። አሁን ደግሞ ጉዱን ስሙ፦ ልክ በዚያው ዘመን፣ በ1975 እ.ኤ.አ.፣ ሻንታል አከርማን የምትባል ቤልጂየማዊት አንዲት የቤት እመቤት ድንች ስትልጥ፣ አልጋ ስታነጥፍ፣ ዕቃ ስታጥብ የሚያሳይ የ201 ደቂቃ ፊልም ሠራች፤ «ዣን ዲልማን» ይባላል። በ2022 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» መጽሔት ባሰባሰበው የሃያስያን ድምፅ የዘመናት ሁሉ ምርጥ ፊልም ተብሎ አንደኛ ወጣ። የብራስልሷ ሴት ድንች ስትልጥ ጥበብ፣ የእኛ ገበሬ ሲያርስ እንቅልፍ! እስኪ ፍረዱኝ።

ደግሞ ዝም ብሎ ማረስ ብቻ ነው ያለው ማነው? የሕልሙን ትዕይንት እንዴት ዘላችሁት? ሰዎቹ እንደ በሬ ቀንበር ተጭኖባቸው፣ ጅራፍ እየጮኸባቸው ያርሳሉ። ስናየው ከቆየነው እርሻ በኋላ ስለሚመጣ ነው አጥንት የሚሰብረው። የቀንበሩን ክብደት ስትማሩ ከቆያችሁ በኋላ ድንገት በሰው አንገት ላይ ታዩታላችሁ! የመጀመሪያውን ክፍል እያሳለፈ ያየ ሰው ይህንን ትዕይንት አይቻለሁ ባይል ደስ ይለኛል።

ጎርፉስ! ፊልሙን ያላየ ይህን አንቀጽ ይዝለለው። ትንሿ እረኛ የባለመሬቱን ላም ከደራሽ ውሃ ለማዳን ስትል ትሞታለች። በዋግ ደጋ ክረምት ላይ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ያለው ሁሉ ይህን ፍርሃት ያውቀዋል፦ እላይ ዘንቦ፣ እታች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣ ደረቅ የነበረው ወንዝ ድንገት ሞልቶ ይወርዳል። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት እናቶች ገና ላሟ ወደ ወንዙ ስትጠጋ «ተያት! ላሟን ተያት!» እያሉ ለስክሪኑ ይጮኹ ነበር። የኮምፒዩተር አስፈሪ ፍጡር፣ የሚፈነዳ መኪና፣ ምንም የለም፤ አንዲት ልጅ፣ አንዲት ላም፣ ቡናማ ውሃ። ልጅቷ የሰው ላም ብትጠፋ ቤተሰቧ ላይ የሚመጣውን ታውቃለች። ላሟ ከእሷ በላይ ዋጋ እንዳላት ማንም በቃል አልነገረንም፤ እግሯ ወደ ውሃው ሲገባ ግን ገባን።

«ሰባኪ ነው» ለሚሉኝ ደግሞ አዎ፣ አንዳንድ ቦታ ይሰብካል። ከበበ አንዳንዴ ንግግሩን ያበዛዋል፤ ድምፁም እዚህም እዚያም ይሻክራል። እና ምን ይጠበስ? በአደባባይ አንድ ሰው ብቻ እውነት የሚናገርበት አገር ውስጥ ያ ሰው ንግግሩ ቢረዝም እኔ አልከሰውም። የእኛ አገር ነገር ከፊልሙ ጋር ልክ አይገጥምም ካላችሁም እውነት ነው፤ ሽማግሌውም ይህንኑ ነው ያነሱት። በዋግ አብዛኛው ገበሬ ባለርስት ነበር፤ ባላባቱና ጉልተኛው ግብሩን ይቀበላል እንጂ ጭሰኝነቱ እንደ ደቡቡ አልከፋም። «እኛ ርስት ነበረን» አሉ ኮራ ብለው። ባለመሬቱ ከደጁ ሆኖ እንደገና ሲጮህ ግን ትንሽ ዝም ብለው፣ «ጩኸቷን ግን አውቃታለሁ» አሉ። ከዚህ በላይ የፊልም ሒስ ከየት ላምጣ?

ጥቁርና ነጭ መሆኑንማ አታንሱብኝ! ጭጋጉ፣ የማለዳው ጭስ፣ የነጠላው ንጣት ከአፈሩ ጥቁረት ጋር ሲቆም፣ ቀለም ቢኖረው የሚቀንስ ይመስለኛል። ካሜራውን የያዘው ኤሊየት ዴቪስ ነው። እዚህ ላይ ሳቅ ያልኩበትን ላካፍላችሁ፦ ይኸው ሰው ከ34 ዓመት በኋላ በ2008 እ.ኤ.አ. «ትዋይላይት»ን፣ ያንን ወጣቱ ያበደለት ሃያሲው የተሳለቀበትን የደም መጣጮች ፍቅር፣ ቀረጸ። ሁሉም የሚስቅበትን ፊልም ከሚወዱ ሰዎች ጋር ዝምድና እንዳለኝ ያወቅኩት ያኔ ነው። ሙዚቃው ደግሞ የተስፋዬ ለማ ነው፤ ስሙን የምታውቁ ሌላ ማስረጃ አትጠይቁኝም።

ውጭ አገር ሰው አልናቀውም። በ1976 እ.ኤ.አ. በሎካርኖ ፌስቲቫል የብር ነብር ተሸልሟል። በ2006 እ.ኤ.አ. የማርቲን ስኮርሴዚ ድርጅት ከጣሊያኗ የቦሎኛ ሲኒማቴክ ጋር ሆኖ አድሶታል። አርባ ሰው የሚይዝ ቤት ውስጥ አንድ ትውልድ ያረሰውን መሬት አይቶ የሚስቅና የሚያለቅስ ተመልካች ግን ቦሎኛ የላትም፤ ያ ያለው እኛ ጋ ነው!

ስለዚህ ሰቆጣ ላይ አዳራሽና ፕሮጀክተር ያላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ፣ የታደሰውን ቅጂ ፈልጉና አንድ ምሽት አሳዩት። ከአጨዳና ከውቂያ በኋላ ይሁን፣ አራሾቹን ከፊት ወንበር አስቀምጡ፣ ከወሬያቸውም አታስቁሟቸው። አዲስ አበባ ያላችሁ ጓደኞቼ ደግሞ ስልካችሁን ዝጉና ጎርፉ እስኪመጣ ብቻ ታገሡ። ከዚያ በኋላም እንቅልፍ ከወሰዳችሁ ኑና ጋዝጊብላ ላይ ክሰሱኝ፤ ዳኛው ሽማግሌው ናቸው።