ፈረሱ የቆመበት መሬት፦ የፈረሰኛ ሥዕልና የደቡብ ምዕራብ ቡና አገር

በኢትዮጵያ ሥዕል ውስጥ ፈረስ ዘመን የጠገበ ክብር አለው፤ የሚረግጠው መሬት ግን እምብዛም አልተሣለም። በዐድዋ ሥዕሎች ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ከሰማይ ይታያል፤ ምኒልክና ጣይቱ በየፈረሳቸው ላይ ናቸው፤ ወገን ፊት ለፊት፣ ጠላት በጎን ይሣላል። ቦታው ደጋ ይሁን ቆላ ሥዕሉ አይነግረንም፤ ተግባሩም ይህ አልነበረም። ፓሪስ የተማረው አገኘሁ እንግዳ፣ ኋላም ከቺካጎ ተመልሶ በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመሠረተው አለ ፈለገ ሰላም እውነታዊውን የዘይት ቀለም ሲያስለምዱ ሥዕላችን ጡንቻና ጥላ አገኘ። ያም ሆኖ በብዙ ሸራዎች ላይ ገጠር ማለት የደጋ ሜዳ እንደሆነ ቀረ። በእኔ እምነት የፈረሰኛ ሥዕል እውነታዊነት የሚለካው በፈረሱ ቅርጽ ሳይሆን፣ ፈረሱ በዚያ ቦታ ለምን እንደቆመ መሬቱ በማሳየቱ ነው።

ለዚህ መለኪያ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ቡና አገር ያሉት የሚዛን ተፈሪና የቴፒ ከተሞች ጥሩ መፈተኛ ናቸው። ቴፒ በ1,200፣ ሚዛን በ1,450 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ፤ የቆላ ዝንብ ፈረስን የሚገድለውን የገንዲ በሽታ የሚያዛምተው ደግሞ በአብዛኛው በዚህ ከፍታና ከዚያ በታች ነው። ስለዚህ በበበቃ የቡና እርሻ ዳር ስለሚጋልቡ ፈረሰኞች የተሣለ ሸራ ጡንቻው ቢሳካም አገሩን ይስታል። የፈረሱ አገር ከዚያ ከፍ ብሎ፣ በማሻና በከፋ ደጋማ ስፍራዎች ነው፤ ተመራማሪዎች ከለዩዋቸው ስምንት የኢትዮጵያ ፈረስ ዓይነቶች አንዱም የከፋ ፈረስ ነው። በዚያ ደጋ እርጥብ ጫካ ውስጥ ብርሃን በዛፎች መካከል ተቆራርጦ ይወርዳል፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ግልቢያ የማይታሰብ ነው። በስሱ እየተደራረበ የጥላን ጥልቀት ሊያወጣ የሚችለው የዘይት ቀለም ለዚህ አረንጓዴ ጨለማ የተመቸ ነው፤ ሠዓሊዎቻችን ይህን ዕድል ገና አልተጠቀሙበትም።

ሥዕል የመሬት አቀማመጥ ትምህርት አይደለም የሚል ይኖራል፤ አንድ የታወቀ ሥዕል ግን መልስ ይሰጠዋል። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ዤሪኮ በ1821 እ.ኤ.አ. የሣላቸው የእንግሊዙ ኤፕሰም እሽቅድምድም ፈረሶች አራት እግራቸውን ዘርግተው ይበራሉ፤ በ1878 የፎቶ አንሺው ማይብሪጅ ምስሎች ፈረስ እንዲህ እንደማይሮጥ አሳዩ። ሥዕሉ ግን ዛሬም ያሳምናል፤ ምክንያቱም ከእግሮቹ ይልቅ የከበደው ሰማይና አረንጓዴው መስክ እውነት ናቸው። ይበልጥ የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፦ ፈረሰኛ ለከፋ አገር የድል አድራጊው ምስል ነው፤ በ1897 እ.ኤ.አ. የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በምኒልክ የጦር አዛዥ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተይዟል። ይህን ትዝታ መሸፈን አይገባም። ነገር ግን የከፋ ነገሥታትም ፈረሰኛ ነበራቸው፤ ፈረስን ለዘማቹ ብቻ መስጠት ያንን ታሪክ ሁለተኛ መንጠቅ ነው። ከሁለቱም ወገን ጦረኛ ይልቅ ሠዓሊውን የሚጠብቀው በአጋሰስ ጆንያ ጭኖ ቁልቁለቱ ሲበረታ ልጓም ይዞ በእግሩ የሚሄደው ገበሬ ነው፤ ከኮርቻ የወረደ ፈረሰኛም ሙሉ ሸራ ይገባዋል።